በፓስፖርቴ ላይ ያለችው ሴት

በፓስፖርቴ ላይ ያለችው ሴት በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። ፎቶው የእኔ ነው፣ የልደት ቀኑ የእሷ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ ከወሎ ያመጣን ደላላ አዲስ አበባ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ሦስት ቀን ሙሉ አስጠናን። «ስንት ዓመትሽ ነው?» ይላል፤ «ሃያ አምስት» እንላለን። ያመነታች እንደገና ትጠየቃለች። እኔ አላመነታሁም። ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እንኳ ሃያ አምስት የምል ልጅ ሆኜ ነበር። ዱባይ ስደርስ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ትከሻዬን አሻግሮ ወደ ኋላዬ ተመለከተ። ማንም አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ለዚያች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። አንቺ እልከኛ፣ ምክር የማይገባሽ፣ አንዴ ስሚኝ።

የተቀጠርኩባት ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። አስተማሪ ነበረች። ጠዋት ልጆቿን ይዛ ስትወጣ ሻርጃ ከተማ ሙዋይለህ ሰፈር ያለውን ቤቷን ከውጭ ቆልፋብኝ ትሄዳለች፤ ጎረቤቶቿም እንደዚያ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ከሰዓት ኬክ ይዘው መጡ። ሻማ ለኮሱ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ባለ ልደቱን ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ።

«ያላ፣ እፍ በይ እንጂ! ፓስፖርትሽ ላይ አይቼው ነው» አለች ማዳም እየሳቀች።

እፍ አልኩ። ሁለት ቁራጭ ኬክ ሰጠችኝ። አንዱን በላሁ፤ ሌላውን የምተኛበት ጠባብ ክፍል መደርደሪያ ላይ ለባለ ልደቷ አስቀመጥኩላት። በፍቅር አይደለም፣ በፍርሃት ነው። ዕድሜዋን ወስጄ፣ ኬኳን በልቼ፣ ዝም ብላ የምታልፈኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲያ በሩ በተቆለፈ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ሁለት ሆንን። ልብስ ስተኩስ በሩ ላይ የቆመች ሴት አያለሁ፤ ቀርቤ ሳይ የተሰቀለ የማዳም ዓባያ ነው። ሄጄ እነካዋለሁ፣ ተመልሼ እተኩሳለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ትቆማለች።

ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነው፤ የእኔ ልብ ግን በአምስተኛው ወር አለቀ። ሰኔ ነበር። አገር ቤት ዝናቡ ጀምሯል እያልኩ ሳስብ እንባዬ ይቀድመኛል። አንድ ቀን ሁለት አንሶላ ቋጥሬ ከበረንዳው ብረት ላይ አሰርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሁለት አንሶላ የት ድረስ እንደሚያወርድ አላሰብኩም፤ መቼ አስበሽ ታውቂያለሽና!

ጊዜው ቀትር ነበር። እናቴ በቀትር ወንዝ ዳር እንዳንሄድ ትከለክለን ነበር፣ ጋኔን የሚወጣበት ሰዓት ነው ብላ። ታች መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ድመት እንኳ የለም። የሚሰማው የኤሲ ጩኸት ብቻ ነው። አንድ እግሬን ከብረቱ ባሻገር ሳሳልፍ ከታች በአማርኛ ተጠራሁ።

«ቆዪ! አትውረጂ!»

በዚያ ሕንፃ ከእኔ በቀር አማርኛ የሚችል ሰው አላውቅም። የመኪና ማቆሚያው መሃል አንዲት ሴት አረንጓዴ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። የጃንጥላው አንድ ሽቦ ወጥቶ ጨርቁ ተንጠልጥሏል። ፊቷ አይታይም።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አለችኝ።

«ሃያ አምስት!»

ለጋኔን እንኳ ዋሸሁ። ጃንጥላው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዕድሜዋን ልትቀበለኝ መጥታ እየሳቀችብኝ ነው ብዬ እግሬን መለስኩ፣ አንሶላውን ስቤ አስገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ሁለቱንም አንሶላ እንደገና አጠብኳቸው።

«ጠዋት ታጥበው አልነበር? ሙሽኪላ አለ?» አለች ማዳም ስትመለስ።

«ምንም ችግር የለም» አልኳት።

ሁለት ዓመቴን ጨርሼ በበሩ ወጣሁ። አገር ቤት ሄጄ ተመለስኩ። ዛሬ አጅማን ከተማ አንድ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ፤ አዳሬ ሻርጃ አል ተዓውን ሰፈር፣ ከአምስት ሴቶች ጋር የምጋራው ቤድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ የሚከራዩበት ክፍል ነው። ያቺን ሴት ስለዚያ ሳቋ እንደተቀየምኳት ኖርኩ።

ባለፈው ሰኔ ሃያ አምስት ዓመት ሞላኝ፣ የእውነቱን። በዚያው ሳምንት ሙዋይለህ ላለች ደንበኛ የተሰፋ ቀሚስ እንዳደርስ ተላክሁ። ቀሚሱ እኛ ክፍል ነበር፣ ልወስደው በቀትር ገባሁ። የክፍላችን ታላቅ፣ የወሎዋ እህታችን፣ ከአልጋዋ ቀና አለች።

«በዚህ ፀሐይ? ዋላሂ እንዲሁ አትወጪም። ጃንጥላዬን ያዢ።»

ደረጃው ስር ዘረጋሁት። አረንጓዴ ነው። አንድ ሽቦው ወጥቷል።

ቀሚሱን አስረከብኩ፤ ከዚያ መመለስ እችል ነበር። ፈርቼም ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ግን ባልሄድስ? በዚያ ቀትር ማንም ባይጠራሽስ? ይህን ሳስብ እግሬ ወደ ድሮው ሕንፃ ሮጠ።

የመኪና ማቆሚያው ባዶ ነበር። ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ የተቋጠረ አንሶላ ወረደ። ከአንሶላው አጠገብ አንድ ቀጭን እግር ወጣ። ከእግሩ በላይ ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። አንቺ ሁኚ ሌላ የሰው ልጅ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ቆዪ! አትውረጂ!» አልኩ።

እግሩ ቆመ። ያኔ የተጠየቅኩትን ጠየቅኩ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ አምስት!» አለች ሳታመነታ። ድምፁ የልጅ ነበር።

ለቅሶዬ መጣ፤ ጃንጥላውም አብሮኝ ተንቀጠቀጠ። አንሶላው ወደ ላይ ሲሳብ በእንባዬ መሃል አየሁት። እንግዲህ ልነግርሽ የፈለግኩት ይህን ነው፦ በበሩ ትወጫለሽ። ሃያ አምስትም ይሞላሻል። ያን ቀን ደግሞ፣ እህቴ፣ አልሳቅኩብሽም።