አጎቴ በቀኝ፣ እኔ በግራ

አጎቴን ባለፈው ወር ሆሳዕና ከተማ ቀብረነዋል። ለቀስተኛው ሁሉ ስለ ሙያው አወራ፤ እኔ ግን የማስታውሰው ጥርጣሬውን ነው። በደርግ ጊዜ፣ ጋራዥ እያለው፣ የገዛ ጆሮውን እንኳ አያምንም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር ከዱራሜ የመሥሪያ ቤት ጂፕ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ቋ ቋ ይላል። የቀኙ ጎማ መገጣጠሚያ ነው፤ እሱን ይፍቱልኝ" አለ።

አጎቴ ዓይኑን አጠበበ። "የቀኙ ነው ያለህ ማነው?"

"አለቃዬ።"

"አለቃህ ከሥር ተኝቶ አይቶታል?"

ደህናው ተፈትቶ ቢበላሽ፣ በአሻጥር የሚታሰረው አጎቴ እንጂ አለቃው አይደለም።

እኔ ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ለምሳ ስመጣ "ነይ፣ አንቺ በግራ ሁኚ" አለኝ። ሾፌሩ ሜዳው ላይ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሲዞር፣ አጎቴ በቀኝ እኔ በግራ እየሄድን አዳመጥን። መነጋገር ክልክል ነው፤ የአንዱ ወሬ የሌላውን ጆሮ ያሳስታል ይል ነበር። መኪናው ሲቆም ሁለታችንም በጣታችን ግራውን ጠቆምን። ሲፈታም የግራው መገጣጠሚያ መሸፈኛ ላስቲክ ተቀዶ ቅባቱ አሸዋ ሆኗል።

"ወደ ቀኝ ሲዞር ክብደቱ የሚያርፈው ግራው ላይ ነዋ!" አለው ሾፌሩን።

ትናንት የኔም መኪና ወደ ቀኝ ስትዞር ቋ አለች። መካኒኩ ገና ሳያዳምጥ "የቀኙ ነው" አለኝ። አላመንኩትም። መሪ አስይዤው በግራ በኩል አብሬ ሄድኩ። ስትቆም ግራውን ጠቆምኩና፣ እንደ ልማዴ በኮፈኖው ላይ አሻግሬ ወደ ቀኝ አየሁ።

የሚጠቁም ጣት አልነበረም።