ስለ ዙሪክ ያደረግኩት ግለሂስ

ለሥራ ትፈለጋለህ ተብዬ የመንግሥት ሾፌር ሆኜ ከምሠራበት ከጄኔቫ ተጠራሁ። አዲስ አበባ ከአውሮፕላን ስወርድ ሁለት ሰዎች ክንዴን ያዙኝ። የገባሁበት ክፍል ስፋቱ አራት እርምጃ በአምስት ነበር፤ ሠላሳ አንድ ሰው ነበርን። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ትከሻ ድረስ በሰው ጀርባ ወዝ ጠቁሯል።

በስድስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና ጄኔቫ ለስብሰባ ሲመጡ የምሾፍርላቸው ባለሥልጣን ገቡ። ክራቫታቸውንና የጫማቸውን ክር ተቀምተዋል። በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ ቆሞ የታሰረበትን ይናገራል። እሳቸውም ተናገሩ፤ ዙሪክ በአንድ ካባሬ፣ በምሽት ዳንስ ቤት፣ መድረክ ላይ ልብሷን እያወለቀች የምትደንስ ሴት መውደዳቸውን፣ ሊያገቧት ማሰባቸውን፣ መርማሪዎቹም «ሰላይ ናት» ብለው እንዲፈርሙ መጠየቃቸውን።

ክፍሉ ሳቀ። የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ «እኛስ በፓርቲ ገባን፤ እርስዎ በዳንስ?» አላቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

እኔ አልሳቅኩም። ጄኔቫ፣ ግራንድ ሳኮኔ ሰፈር በነበረው ቢሯችን በየሳምንቱ ግለሂስ ይደረግ ነበር፤ ጥፋት የለብኝም ያለ ሰው ይጠረጠራል። እዚያ ተራዬ ሲደርስ የመንግሥት መኪና አምስት ጊዜ ዙሪክ ድረስ መንዳቴን እንደ ራሴ ጥፋት ተናገርኩ፤ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነካባሬው ስም። የከሰስኩት ራሴን ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ግን እሳቸው ነበሩ፤ ማንን እንደሚይዙ አውቅ ነበር።

ምሳ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ይህንኑ ነገርኳቸው። ዳቦውን ማላመጥ አቆሙ።

«የእሷንም ስም?»

«አዎ። የእሷንም።»

የቀረውን ዳቦ ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ፣ «ያ ግድግዳ እርጥብ ነው፤ ወደዚህ ተጠጋ» አሉኝና ብርድ ልብሳቸውን ገለጥ አደረጉልኝ።

በገቡ በሦስተኛው ቀን ለፊርማው ተጠሩ። ካቦው አሁን አልቀለደም። እሷ ፈረንጅ አገር ናት፣ ፊርማው እርስዎን ያድናል እንጂ እሷን ምንም አያደርጋትም ብሎ ለመናቸው።

«ውሸት ነዋ» አሉት።

የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ቆለፉና ወጡ። አልተመለሱም።

እኔ ተፈታሁ፤ ዛሬ የምኖረው ተመልሼ ጄኔቫ ዳር፣ ሜራን ነው። ዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። እንዴት ሆነው እንደወጡ ለሴትዮዋ ሊነግራት የሚችል ከእኔ ሌላ ሰው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ቲኬት ቆርጬ ተሳፍሬያለሁ። ነገር ግን ያንን ከመንገሬ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ መናገር አለብኝ። ሁለቱንም ጊዜ መንገዱ ሳይጋመስ ሎዛን ላይ ወረድኩ።