ሃይማኖቴን ሊያስወጣልኝ የነበረው ጠበል

ሞርሞን ከሚባሉት፣ ቡና ከማይጠጡት የአሜሪካ ክርስቲያኖች አንዱ በሆንኩ በአራተኛው ዓመት እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ታምሜ አይደለም፤ ሃይማኖቴን ልታስወጣልኝ ነው። በእሷ ቤት ሞርሞን የሚባለው ነገር መንፈስ ነው፤ ሰው ላይ ይሰፍራል፣ ቡና ያስጠላል፣ እሁድ እሁድ ከረባት ያሳስራል። ሰባት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ከወረደበት ግን ስሙን ተናግሮ ይወጣል።

ለምን እሺ እንዳልኳት ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ ራሴ ላቆም ተቃርቤ ነበር። ለእሷ አልነገርኳትም እንጂ፣ ወራት ሙሉ ስጸልይ ግድግዳ የማናግር ነበር የሚመስለኝ። ያኔ ሞርሞን ሆኜ ስጠመቅ ደረቴ ላይ የተሰማኝ ያ ሙቀት፣ ያ እንባዬን ያመጣው ሰላም ጠፍቶብኛል። ከዘመድ ሁሉ የተቀያየምኩት እሱን ይዤ ነበር። እሱ ከሌለ ምን ቀረኝ? ሽሮ ሜዳ ሱቄ ቁጭ ብዬ "በቃ፣ ራሴን ሳታልል ነው የኖርኩት" እላለሁ። ስለዚህ ጠበሉ ካስወጣልኝም ያስወጣልኝ፣ እገላገላለሁ ብዬ ተከተልኳት።

ጠበሉ ከቁስቋም በላይ ነው፤ የጠዋቱ ብርድ ሌላ ነው። ሁለት ቀን ምንም የለም። ዙሪያዬ ያለው ሰው ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፤ የኔ መንፈስ ጭጭ። አጥማቂው ጀሪካኑን እየደፉብኝ "ማነህ? ተናገር!" ይላሉ፤ እኔ ጥርሴን አንቀጫቅጫለሁ።

በሦስተኛው ቀን የእናቴ ትዕግስት አለቀ። ከሴቶቹ በኩል ሆና "ሞርሞን ነኝ በላ! ምን ያኮራሃል?" ብላ መንፈሱን ተቆጣችው። አሁንም ጭጭ ሲል ወደ አጥማቂው ዞረች።

"አባ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ነው! አማርኛ ላይገባው ይችላል!"

አጥማቂው ትንሽ አሰቡና በእንግሊዝኛ ስሜን ጠየቁኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ስስቅ፣ መጣ። ያው ራሱ። በዚያ በረዶ ውሃ መሃል ደረቴ ሞቀ፣ የተቋጠረው ሁሉ ተፈታ፤ እግዚአብሔር እዚያው አጠገቤ ነበር። እንዴት እንዳወቅኩት አትጠይቁኝ፣ አወቅኩት። ቆሜ አለቀስኩ። "ሳቀ! አለቀሰ! ሊወጣ ነው!" ተባለና ሦስት ጀሪካን ተጨመረልኝ።

ስንወርድ እናቴ እጄን ይዛ "ወጣልህ?" አለችኝ። ፊቷ በርቷል። ብዋሽ ምን ነበረበት? አቃተኝ።

"እማዬ፣ ባሰብኝ" አልኳት። "ልተወው ነበር። ዛሬ እዚያ ቆሜ ጸሎቴ ተመለሰልኝ። እሁድ እሄዳለሁ።"

ቀጥ ብላ ቆመች። "በእኛ ጠበል?"

"በእናንተ ጠበል።"

"በገዛ ጠበላችን! ኧረ በስመአብ!" ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ዞሮ አየን።

ያም ሆኖ የተባለው ሰባት ቀን ነው ብላ አንድም ቀን አላስቀረችኝም። ሰባተኛው ቀን እሁድ ላይ ዋለ። ተጠምቄ ስጨርስ እዚያው ሸሚዜን ለብሼ ከረባቴን ማሰር ጀመርኩ። እሷ ቆማ ታየኛለች። ከዛሬ በኋላ ልጄ አትለኝም ብዬ ፈራሁ።

ጠበል አይጠረግም፣ በላይህ ላይ ይድረቅ እያለች ስድስት ቀን ስታንዘፈዝፈኝ የከረመችው ሴትዮ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ፀጉሬን በኃይል ታደርቅ ጀመር።

"እንዲህ ረጥበህ እንዳትገባባቸው" አለች፣ አሁንም እንደተቆጣች። "ሰው የለውም ይሉሃል።"