የባለቤቴ ጎሽ

የባለቤቴ መርዶ ከሾኔ ሆሳዕና በደረሰ ዕለት፣ አልቃሿ «ጎሽ ገዳዩ!» እያለች ስታወድሰው ሳቄ መጣብኝና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ።

ያኔ ሲያጨኝ አባቴ «ግዳይ ላልጣለ ሰው ልጄን አልድርም» ስላለ ሦስታችን ቦኖሻ አጠገብ ለአደን ሰፈርን። አባቴ ሲያንቀላፋ እኛ ልናወጋ ከድንኳኑ ራቅ እንዳልን ጎሽ መጣብን። እጮኛዬ ጠመንጃውን ጥሎ ዛፍ ላይ ወጣ። አንስቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተኮስሁ፤ ጎሹ ወደቀ።

«ሞተ?» አለኝ ከላይ።

«ሞቷል። አባቴ ተኩሱን ሰምቶ እየመጣ ነው፤ ውረድና ፎክር!»

«ማን ገደለው ብዬ?»

«አንተ ነሃ! ልታገባኝ አትፈልግም?»

ወርዶ ፎከረ። አባቴም የእጮኛዬን ራስ እንደ ጀግና ቅቤ ቀብቶ ዳረኝ። ከዚያ ወዲያ በየድግሱ ሲፎክር ጎሹ በየዓመቱ እየገዘፈ ሄደ፤ ዛፉን ግን አንድም ቀን አላነሣም።

እባካችሁ ነፍሱን ይማር በሉልኝ። ስለ ውሸቱም እንዳይጠየቅ ጸልዩለት፤ ያስዋሸሁት እኔ ነኝ።