የማይሄደው ብስክሌት ኮርቻ

ባለቤቴ ሰነፍ ተብሏል። በገዛ ሳሎኑ፣ ሊጠይቁት በመጡ ሰዎች ፊት፣ ከገዛ ልጁ አፍ ሰነፍ ተብሏል። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህን ግን በራሴ እጅ ጽፌ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ክፉ ቃል ሳይታረም ከቆየ እውነት ይመስላልና።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አየር ጤና ሚስማርና ቆርቆሮ ሲሸጥ የኖረ ነው። ደንበኛ ቆሞ እሱ አይቀመጥም። ሱቁ ውስጥ አንዲት በርጩማ ነበረች፤ ምሳ ይዤለት ስሄድ የምቀመጥባት እኔ ነበርኩ። ስትሮክ የሚሉት በሽታ ግራ ጎኑን የያዘው እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ እንደቆመ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ እንወስደው ጀመር። እግሩን የሚያሠራው ባለሙያ፣ "ቤት ውስጥ የሚነዳው ብስክሌት ቢኖር ጥሩ ነው። እግሩ መሥራት ያለበት አሁን ነው፤ ከቆየ ይደርቃል" አለን። ትልቋ ልጃችን አላመነታችም። ብዙም ሳይቆይ ያንን የማይሄድ ብስክሌት በፒካፕ አስጭና መጣች። ቀራንዮ ያለው ቤታችን ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ቡፌውን ገፍተን፣ አንዱን ሶፋ በረንዳ ላይ አውጥተን መስኮቱ ሥር አቆምነው።

መጀመሪያ ጥሩ ነዳ። የታመመው እግሩ ከፔዳሉ እየሾለከ ሲያስቸግር በመቀነቴ አሰርኩለት። ከዚያ እየቀነሰ መጣ። ይወጣል፣ ጥቂት ያዞራል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ "ደከመኝ፣ አውርዱኝ" ይላል። ምላሱ ስለከበደው ከዚያ በላይ አያብራራም። እኛም ከዚያ በላይ አልጠበቅንም።

አንድ እሁድ የዕድራችን ዳኛ ጎረቤቶቻችንን አስከትሎ ሊጠይቀው መጣ። ከባለቤቴ ጋር አብሮ አደግ ስለሆነ ቀልዱ ሁልጊዜ ያለ ይሉኝታ ነው።

"አንተ! ሳሎን ውስጥ ብስክሌት! ታዲያ የት ደረስክ? ሆለታን አለፍክ?"

ሰው ሳቀ። ልጄ ሻይ እያቀረበች ነበር።

"ኧረ ጋሼ፣ ከግቢም አልወጣ! ሰነፈ። ወጣ ይልና ደከመኝ ብሎ ይወርዳል። አባዬ ሰነፍ ሆኗል" አለች።

"ኧረ ነውር ነው! ልጅ ለፍታ አምጥታልህ!" አለ ዳኛው፣ የባለቤቴን ጉልበት መታ እያደረገ።

ባለቤቴ በሚታዘዝለት የአፉ ጎን ፈገግ አለ።

ገላውን የማጥበው እኔ ነኝ። ከወገቡ በታች ግን አያስነካም፤ በደህናው እጁ ራሱ ይታጠባል። ትዳራችን ያረጀ ቢሆንም ነውሩ አላረጀም። በዚያው ሰሞን ባኞ ቤት አዳለጠውና ደግፌ ሳነሳው ያገለደመው ፎጣ ወደቀ። መቀመጫው ተልጧል። ብሽሽቱ ቆስሎ ቁስሉ ላይ የውስጥ ሱሪው ክር ተጣብቋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ምንም።"

"ምንም ደም አለው እንዴ?"

"ቀስ በይ። ልጅቷ ትሰማለች።"

"ትስማ! ለማን ነገርክ?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ደጋግሞ ደከመኝ አለኝ።

በማግስቱ ቤቱ ባዶ ሲሆን በሩን ቆለፍኩ፤ መጋረጃውን ጎተትኩ፤ ቀሚሴን ሰብስቤ እኔው ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ። ኮርቻው አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ የመጥረቢያ ስለት ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። አንድ ጎኑ ለማይታዘዝለት ሰው ደግሞ የባሰ ነው፤ ክብደቱ በሙሉ ባንድ በኩል ይወድቃል። ከፍታውም ለረዥም ጎረምሳ የተሠራ ነው። እሱ እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዲደርስለት በየዙሩ ይንሸራተታል፤ በየዙሩ ይላጣል።

ቁስሉ እስኪድን ድረስ ብስክሌቱ ቆመ፤ እኔ ግን አልቆምኩም። መጀመሪያ የራስጌ ትራስ አሰርኩበት፤ ስቀመጥበት ተንሸራቶ ሊጥለኝ ደረሰ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ሞከርኩ፤ ሲጫኑት ተጠፍጥፎ እንደ ቂጣ ቀረ። በመጨረሻ ከሱቁ የተረፈውን መፍቻ አውጥቼ ብሎኑን አላላሁና የኮርቻውን አፍንጫ ዝቅ አደረግኩ፤ ቁመቱንም ቀነስኩ። ጠንካራ ስፖንጅ አስገዝቼ መሐሉን እንደ ቦይ ቦረቦርኩት፤ የሚያመው ቦታ ምንም እንዳይነካው። በላዩ ላይ ስንቀመጥበት የኖርነውን አጎዛ ቆርጬ፣ ጸጉሩን ወደ ላይ አድርጌ፣ ከሥር በወስፌ ሰፋሁት። የፒጃማ ሱሪውንም ገልብጬ አለበስኩት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን።

ቁስሉ ሲድን ብስክሌቱ ላይ ስናወጣው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ተቀመጠ። ከዚያ ገለጠ።

"እንዴት ነው?"

"የበግ ጀርባ" አለኝ፤ መንዳትም ጀመረ። ላቡ ጠብ እስኪል ነዳ፤ ደከመኝ ሳይል ነዳ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ብቻ አልነበረም።

ክሊኒኩ ስንመለስ ባለሙያው ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደ ላይ ሊያጥፍ ሞከረ፤ አልታጠፈም። ባለሙያው እግሩን ቀስ አድርጎ ሲያስቀምጠው ነገሩ ገባኝ።

"እማማ፣ ሳይነዳ የቆየበት ጊዜ ጎድቶታል። ይነዳ፣ ጥሩ ነው፣ ከዚህ እንዳይብስ ይረዳዋል። ያለ ደጋፊ መሄዱን ግን ... እንግዲህ እግዜር ያውቃል።"

ባለቤቴ ሰማ። ታክሲ ውስጥ እስከ ቀራንዮ ድረስ ደህናው እጁ የታመመውን ጉልበት ይዞ ነበር።

ያን ጊዜ ልጄን ያዝኳት። "ሰነፍ ያልሽው በሰው ፊት ነው፤ የምትመልሽውም በሰው ፊት ነው" አልኳት።

"እማዬ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርጋል? አባዬን ለብቻው ይቅርታ እለዋለሁ።"

"ለብቻው አልሰደብሽውም።"

ዳኛውንና ጎረቤቶቹን ጠራሁ። ልጄ መሐል ቆመች። "አባዬ አልሰነፈም፤ ኮርቻው አቁስሎት ነው። እኔ አላወቅኩም ነበር፤ ይቅርታ" አለች። ዳኛው ተነስቶ የጓደኛውን ትከሻ ሳመ፤ "እኔም ቀባጥሬያለሁ፣ ማረኝ" አለው። ነገሩ በዚህ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን ባለቤቴን እያየሁት ነበር። ልጃችን "አላወቅኩም" ስትል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔ ያንን ሰው አውቀዋለሁ። የሱቁ ሠራተኛ ሒሳብ ሲያጎድልም፣ ላለማጋለጥ እንዲህ ነበር መሬት የሚያየው።

እንግዶቹን ሸኝቼ ተከትያት ጓዳ ገባሁ። ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

"አባትሽ ለማንም አልነገረም?"

ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ።

"ጠየቅሁሽ እኮ።"

ቧንቧውን ዘጋችው። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

"ነግሮኝ ነበር፣ እማዬ። ገና እንደጀመረ። ኮርቻው ይቆረቁረኛል፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ አለኝ። ይለመዳል አልኩት።"