ለክፉ ሰው ሁለተኛ ዓይን

«እማማ፣ ያንን የባቡር ጣቢያውን ነገር ይንገሩን» ይሉኛል ወጣቶቹ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ። ደም ያለበት ወሬ ሲወዱ! እሺ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስናገር የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ቀለሙን እፈጭለታለሁ፣ ዞር ሲል በከሰል እስላለሁ። እዚህም አገር መጥቼ ያስደነገጠኝን ነገር ካልሳልኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያን ለት እግሬ ወደመራኝ ስዞር ውዬ፣ ደክሞኝ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም የሚባለው የባቡር ጣቢያ አረፍ ብያለሁ። አንድ ያገሬ ሰው የጽዳት ልብሱን እንደለበሰ ባቡር ይጠብቃል። አንድ ግዙፍ ሰውዬ መጣና ጮኸበት። ራቅ ሊል ሲል ጠርሙስ ፊቱ ላይ ሰበረበት። ወደቀ። በጫማው ረገጠው፤ አፉን፣ ጎኑን፣ ደግሞ አፉን። አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የሚጮኸው። «ኧረ ገላጋይ!» አልኩ፤ ማን ይስማኝ? ደሙ ነጠላዬ ላይ ተረጨ። ሰውዬው የመጣው ባቡር ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳልቀይር ሁለቱንም ሳልኳቸው። ተመቺው ሆስፒታል ራሱን ስቶ ተኝቷል፤ የመቺውን ፊት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። በማግስቱ ከልጅ ልጄ ጋር ሥዕሉን ይዘን ፖሊስ ዘንድ ሄድን።

«ኦማ፣ ሰውዬው አንድ ዓይና ነው ወይ? ይላል ፖሊሱ» አለችኝ፤ «ኦማ» የምትለኝ በዚህ አገር ቋንቋ አያቴ ማለቷ ነው።

«ምን አንድ ዓይና? ክፉ ነው እንጂ!»

አባቴ ሰይጣንንና ገዳዮችን በጎን፣ ባንድ ዓይን ነበር የሚስላቸው። ሁለት ዓይን የጻድቅ ነው። እሷ ፍራንክፈርት ተወልዳ ይህን ከየት ታውቀዋለች?

«አንድ ዓይና ሰው ሊፈልጉ ነው እኮ! ፊት ለፊት ሳዪው።»

«ለዚያ አውሬ? እጄ ይቆረጥ!»

«ታዲያ ያምልጥ?»

እርሳሱን ተቀበልኳት። ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኜ፣ ሁለተኛውን ዓይን ሰጠሁት። ብዙም ሳይቆይ ኦስትሃፈን የሚባለው የወንዝ ወደብ ላይ፣ ዕቃ ሲያራግፍ ያዙት።

ያገሬን ሰው ግን ከመነሻውም መሬት ላይ ወድቆ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን ወደኔ አድርጎ ነበር የሳልኩት።

ከዓመታት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ።

«እማማ፣ የሳሉኝን ሥዕል ፖሊሶቹ አሳይተውኛል» አለኝ።

መነጽሩን አወለቀ። ግራ ዓይኑ የለም። ለካ ያን ለት ጠርሙሱ አፍስሶት ኖሯል።