ባዶዋን የምትጮኸው ፒካፕ

የዚያች ፒካፕ ጩኸት ሰባ ሁለት ሺህ ብር በልቶኛል። ከቢቸና ሞጣ ስመላለስ የተንገጫገጨው ወገቤ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ወገብ ደረሰኝ አይሰጥም።

እህል ነጋዴ ነኝ። ከቢቸና ጤፍ ጭኜ ሞጣ አራግፋለሁ። ፒካፗን ስገዛት ሻጩ ስለ ሞተሯ ማለልኝ። ስለ ሌላው አካሏ አልማለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ስጭንባት ኋላዋ መሬት ሊልስ ይደርሳል። ለዚህ በእኛ ገበያ የታወቀ መድኃኒት አለ፦ ባሌስትራ ማስጨመር። ከኋላ ጎማዎቿ በላይ የተደራረቡት ቅስት ብረቶች ላይ ሌላ ብረት ይደረባል፣ መኪናዋ ቀና ትላለች፣ ነጋዴውም ከአቅሟ በላይ ይጭናል። ያላስጨመረ ነጋዴ አላውቅም።

የጨመሩልኝ ማኅበርተኛዬ ናቸው፤ ጋራዥ አላቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። የሚካኤልን ማኅበር አብረን እንጠጣለን፤ በየወሩ ከአንድ ጽዋ የሚቀምስ ሰው ደግሞ ወንድም ነው። ወንድምህ ጋራዥ እያለው መኪናህን ለሌላ መካኒክ ካሳየህ፣ ቢቸና ውስጥ ከመኪናህ በፊት የምትበተነው አንተ ነህ።

ብዙም ሳይቆይ ፍሪሲዮን ስለቅ ከሆዷ ሥር «ጓ!» ማለት ጀመረች። ማርሽ ወደ ኋላ አስገብቼ መልሼ ወደ ፊት ሳደርግ፣ «ጓ!»። ፍጥነት ስጨምር ደግሞ ትንዘፈዘፋለች። መሪው ደህና ነው፤ የሚንዘፈዘፈው መቀመጫው ነው። ችግሩ ከኋላ መሆኑን የነገረኝ ቂጤ ነው።

«ክሮቼራ ነው» አሉ ጋሼ። ክሮቼራ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውን ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚያያይዝ፣ መስቀል የመሰለ ብረት ነው። ቀየሩት። ጥቂት ጊዜ ዝም አለችና እንደገና «ጓ!»።

«እንግዲህ አነዳድህ ይሆናል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ከድሮም እንዲሁ ነው የምነዳው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!»

ደግመው ቀየሩት። ቀጥሎ የዘንጉን ኩሽኔታ፣ ቀጥሎ ዲፈረንሻሉን ፈቱ። ዘንጉን ባሕር ዳር ልከው አስፈትሸው አመጡ። በየጊዜው ከዋጋው ይቀንሱልኛል፤ የገደለኝም ይኸው ነው። ሙሉውን ቢያስከፍሉኝ እጣላቸው ነበር። የቀነሰልህን ሰው በምን አፍህ ትጣላዋለህ? ልሽጣትና ልገላገል አልኩ። ገዢ ሁሉ የሚሞክራት ግን ባዶዋን ነው፤ አንድ ዙር ነድቶ ቁልፉን መዳፌ ላይ ያስቀምጥና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል።

ስለ መኪና ባላውቅም ስለ ጭነት አውቃለሁ። ጤፍ ጭኜ ስሄድ ሞጣ እስክገባ ጸጥ ትላለች፤ አራግፌ ስመለስ ትጮኻለች። መጀመሪያ መንገዱን ጠረጠርኩ። አንድ ቀን ግን የሞጣ ገበያ ወድቆብኝ ጤፌን እንደጫንኩ ተመለስኩ። በዚያው መንገድ፣ ድምፅ የለም። ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም፤ የሚያስጮኻት ባዶነቷ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ ማኅበርተኛ በሌለኝ በሞጣ፣ ጤፌን አራግፌ፣ እንደ ሌባ ዞር ዞር ብዬ እያየሁ አንድ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ከሥሯ እንኳ አልገባም፤ ከጎን ቆሞ አያትና ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ልትራገጥ ያለች በቅሎ?»

«ምን ሆነች?»

«ኋላዋን እያት እንጂ! ባዶ ስትሆን ባሌስትራው ሽቅብ ያነሣታል፣ ዘንጉ ይንጋደዳል፣ ክሮቼራው ተጣሞ እየዞረ ይበላል። ስትጭናት ዝቅ ትላለች፣ ዘንጉም ይቃናል። ማነው እንዲህ የጨመረልህ?»

«ስገዛትም እንዲሁ ነበረች» አልኩ።

«አላህ ይይለት የሸጠልህን!»

እርግማኑ ምንም ለማያውቀው ሻጭ ሄደ። ማኅበርተኛዬን ከማስረግም ይሻላል።

የተጨመረውን አወረደልኝ፣ የተበላውንም ክሮቼራ ቀየረልኝ። ባዶዋን ወደ ቢቸና ነዳኋት። ጸጥ። መኪናዬ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ደስታዬ ግን ደብረ ወርቅን አላለፈም፤ ኋላዋ ዝቅ ማለቱ ትዝ አለኝ። ጋሼ ደግሞ መኪናን በአረማመዱ የሚለዩ ሰው ናቸው።

የዚያን ወር የማኅበሩ ተረኛ እሳቸው ነበሩ። እንግዳ ሊቀበሉ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሳለ ፒካፗን አቆምኩ። እኔን ሰላም ከማለታቸው በፊት እሷን አዩ።

«ባሌስትራው የት ሄደ?»

በሚካኤል ዕለት፣ በገዛ ደጃፋቸው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ያን ሁሉ ብር ያስወጣኝ የእጅዎ ሥራ ነው ልበላቸው?

«ተሰበረ፣ ጋሼ። መንገድ ላይ።»

«ግራና ቀኙ፣ እኩል?»

«መንገዱን ያውቁት የለ።»

«አይ ይኼ መንገድ!» ብሎ ማኅበርተኛው ከንፈሩን መጠጠልኝ። ጋሼ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ የሠራሁት ተሰበረ?» አሉ። ያን ቀን ጠላውም አልወረደላቸው።

በነጋታው ቤቴ ድረስ መጥተው ፒካፗን ወሰዷት። ሲመልሷት ኋላዋ ከበፊቱም ከፍ ብሏል። ከከባድ መኪና የወጣ፣ ወፍራም ባሌስትራ ደርበውባታል።

«ይኼ አንተን ይቀብራል እንጂ አይሰበርም» አሉኝ። እጄን ኪሴ ስከት ያዙኝ። «በሚካኤል! ለወንድሜ በሠራሁት ብር ልቀበል?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።» ሌላ ምን ይባላል?

ሞተሩን አስነሥቼ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ። «ጓ!»

ጋሼ ጆሯቸውን ቀሰሩ። «ክሮቼራዋ ናት። ሰሞኑን አምጣትና አያታለሁ።»

አልወሰድኳትም። አሸዋ በጆንያ ሞልቼ፣ ዝም እስክትል እየጨመርኩ ከኋላ ደረደርኩባት። አራት ኩንታል ላይ ዝም አለች። አሸዋው በየጉዞው ይውረድ ይጫን ቢባል የጫኝና አውራጁ ሂሳብ ትርፌን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ እዚያው ነው። ከጋሼ ጋር ሰላም ነን። አሸዋውን ሲያዩ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቤት ልሠራ ነው አልኳቸው።

ሰባ ሁለት ሺህ ብር ወጥቷል። የአራቱን ኩንታል ቦታ አሸዋው ይዞታል፤ አሁን አሥር ኩንታል ጤፍ እጭናለሁ። ባሌስትራ ከማስጨመሬ በፊትም የምጭነው አሥር ኩንታል ነበር።